ከእትዬ አስካለ አጥር ሥር ያለው ስንጥቅ

ሥራዬን ሳስረዳ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ሰው በሕይወቴ አንድ የሚኒባስ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱም መንገድ ተዘግቶ መሄጃ ስላጣ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። መሬትን በመዶሻ እመታለሁ። ንዝረቱ ወደ ታች ይወርድና አለት ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት መሣሪያው ይመዘግባል። ከዚያ እኔ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ከመሬት በታች ያለውን የድንጋይ ንብርብር እስላለሁ። በተለይ የተቀጠርኩት ንብርብሩ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ዝቅ ያለበትን አካባቢ እንድስል ነው። ስንጥቅ አጠገብ ንዝረቱ ይደናገራል፤ አንዱ ቀድሞ ይመጣል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ሦስተኛው ጭራሽ ይቀራል። እዚያ ላይ መሣሪያው «እኔ እንጃ» ይላል። መሣሪያው «እኔ እንጃ» ያለውን ደፍሮ «እኔ አውቃለሁ» የሚል ሰው ስለሚያስፈልግ ነው እንግዲህ ለእኔ ደመወዝ የሚከፈለኝ።

ረዳቱ ሰምቶ ሲጨርስ «እና የሳልከውን ድንጋይ ማንም ወርዶ አያየውም?» አለኝ።

«ማንም።»

«ወንድሜ፣ አሪፍ ሥራ ይዘሃል» አለና በሩን በመዳፉ መታ።

ኮልፌ ደግሞ የሚጨበጥ ነገር የሚከበርበት ሰፈር ነው። አጎቴ ሀጂ ነስሩ ቆርቆሮ ይሸጣሉ። ቆርቆሮ ይታያል፣ ሲመቱት ይጮኻል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ራሱን በራሱ ያስተዋውቃል። የእኔን ሥራ ማን አይቶት? መሬት የተነቃነቀ ሰሞን ብቻ ትንሽ ተከብሬ ነበር። ሰላምታ ነፍገውኝ የኖሩ ጎረቤቶች ሁሉ «መቼ ነው የሚደግመው?» እያሉ ደጄ ድረስ መጡ። አይታወቅም ስላቸው «ታዲያ ምን ተምረህ ነው?» ብለው ወደየቤታቸው ገቡ። ክብሬ አራት ቀን አልሞላም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ሽማግሌ ስለላክሁ ነው።

ሰሚራን ዩኒቨርሲቲ ነው የማውቃት። አሁን ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የዶክተር ጽሕፈት ማንበብ የምትችል ሴት ስለሆነች እኔንም ታነበኛለች። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ቀራንዮ ነው ቤታቸው፤ አርባ ዓመት የውሃ ጉድጓድ በእጃቸው ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቀራንዮ እስከ ሳንሱሲ ያልወረዱበት ጓሮ የለም ይባላል። እኔ በመዶሻና በኮምፒውተር የምገምተውን ነገር እሳቸው በጫማቸው ረግጠውታል። ከዓለም ሴቶች ሁሉ መርጬ የማን ልጅ ላይ እንደወደቅሁ ተመልከቱልኝ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ሲሄድ እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን የነገሩኝ ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቴ ናቸው። ጋሽ ሸምሱ «ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ፣ አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ ያስጠናኋቸውን ነገር እርግፍ አድርገው ረስተው «ኮምፒውተር ላይ ድንጋይ ይፈልጣል» ብለው አረፉት።

«የትኛውን ድንጋይ?»

«ከመሬት በታች ያለውን።»

«ወርዶ ያየዋል?»

«የለም፣ አይወርድም። ንጹሕ ሥራ ነው።»

«ካልወረደ እንዴት ያውቀዋል?»

አጎቴ እዚህ ላይ የቀረበላቸውን ሻይ አንስተው እስከ ታች ጨለጡት። ሻይ ለእንዲህ ያለ ሰዓት ነው የተፈጠረው። ጋሽ ሸምሱም ጠጥተው እስኪጨርሱ በትዕግሥት ጠብቀው ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ጓሮዬ ላይ ጉድጓድ ላወጣ አስቤያለሁ። ልጃችሁ ይምጣና አለቱ በስንት ክንድ እንደሚገኝ ይንገረኝ፤ እኔ እቆፍራለሁ። ስለ ሰሚራ ከዚያ በኋላ እናወራለን። ሌላም ወገን ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ከረመዳን በፊት ለአንዳችሁ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ሌላው ወገን ሴራሚክ ነጋዴ ነው። መኪና አለው። ሴራሚክ ደግሞ ይታያል፣ ይረገጣል፣ ይወለወላል። ክው አልኩ።

ማታውኑ ሰሚራ ደወለች። «አትጨነቅ፤ አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ። አስራ ሁለት ክንድ ነው። አስራ ሁለት በልና እንገላገል።»

«ሰሚራ፣ ሳይንስ አይኮረጅም።»

«አንደኛ ዓመት ላይ ሒሳብ ከማን ነበር የኮረጅከው?»

«እሱ ሒሳብ ነው።»

«እሺ፣ በሳይንስህ ሴራሚክ ቤት ዳረኝ» ብላ ዘጋችው።

እሑድ ጠዋት መሣሪያዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ከቢሮ የተዋስኩት አንድ ሳጥን፣ አንድ ጥቅል ገመድና እስከ እምብርቴ የሚደርስ መዶሻ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እናት መዶሻውን አይተው «ልጄ፣ ምንም ቢያደርጉህ ለአላህ ስጠው» ብለው መከሩኝ። ወደ ሽምግልና ነው የምሄደው ብላቸው ጭራሽ ቦታ ቀየሩ።

ወደ ታች ጠልቆ ለማየት ወደ ጎን መርዘም የግድ ነው፤ የጋሽ ሸምሱ ጓሮ ብቻውን ስላጠረኝ መስመሬን ከመንደሩ መግቢያ ጀምሬ፣ በጎረቤታቸው በእትዬ አስካለ አጥር ጥግ አሳልፌ፣ ጓሮው ውስጥ ጨረስኩት። በየአራት እርምጃው አንድ የእንጨት ችካል ቸከልኩ። ሃያ አራት ችካል። ሩቅ እንዲታየኝ ብዬ በየአናታቸው ላይ ሪባን አሰርኩባቸው። ቢሮ የነበረው ሪባን ቀይ ብቻ ነው።

አሁን እናንተ የአዲስ አበባ ሰዎች ሳቃችሁን ያዙልኝ። አዎ። ቀይ። አንድ የማይታወቅ ሰው፣ በእሑድ ቀን፣ ሜትር ይዞ፣ የሰው አጥር ሥር ቀይ ያሰረበት ችካል ሲቸክል ዋለ። እኔ እኮ በቀን ስምንት ሰዓት ከመሬት በታች ነው የምኖረው፤ ከመሬት በላይ ስላለው ነገር የማውቀው ትንሽ ነው።

እትዬ አስካለ በራፋቸው ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ከደቡብ መጥተው እዚህ መንደር ልጆች ያሳደጉ፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። «ከወረዳ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም እትዬ።»

«ከክፍለ ከተማ?»

«ከወረዳም ከክፍለ ከተማም ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም።»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «እንግዲያው ከበላይ ነው የመጣኸው።»

«ኧረ እትዬ! እኔ ቤቱን አይደለም የማየው፤ ከቤቱ ሥር ያለውን ነው።»

ይህን ስል አረጋጋኋቸው ብዬ አምኜ ነበር። ከዚያ የመንደሩ ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ሳይንስ እንዲህ ይወደዳል እንዴ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዙሁር ሰግደን እንደመጣን የሰሚራ እናት ለምሳ አስገቡኝ። ክትፎ በቆጮ ነበር። ሴትየዋ «በሞቴ» ሲሉ ሞታቸውን አስቀድመው ስለሆነ እምቢ ማለት ነፍስ ማጥፋት ይመስላል። ጋሽ ሸምሱ ከፊቴ ቁጭ ብለው ጣቶቼን ያያሉ፤ ለስላሳ ጣት አይተው እንዳያዝኑብኝ እጄን ቆጮው ውስጥ ደበቅሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። እኔ አፌን ሞልቼ ስበላ ውጭ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ብነግራችሁ ወጉ እዚሁ ያልቅ ነበር።

ስመለስ ችካሎቹን ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። አንዱም አልጎደለም። እግዜር ይስጣችሁ ጎረቤቶች አልኩ። ርቀቱን ደግሜ መለካት ነበረብኝ፤ ግን ከእንዲህ ያለ ክትፎ በኋላ ማጎንበስ ይከብዳል። ደግሞ እትዬ አስካለ አጥራቸው ሥር፣ መስመሬ ላይ፣ ሰፊ ሰሌን ዘርግተው በርበሬ አስጥተዋል። የሰው በርበሬ እንዳልረግጥ ተጠንቅቄ በጎን አለፍኩና በየችካሉ ሥር የንዝረት መስሚያውን ተከልኩ።

ሰው ሲራመድ ንዝረቱ ስለሚረበሽ ሁሉም ለትንሽ ጊዜ እንዲቆሙልኝ ለመንኩ። እመኑኝ፣ መንደሩ በሙሉ ቀጥ አለ! አንድ ሰው አልሳለም። እትዬ አስካለማ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ አላየሁም ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያለሁ፤ አሁንም አለ። ከዚያ መዶሻዬን አነሳሁና መሬቱን ደበደብኩት።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ምዝገባውን ከፈትኩ። ከመንደሩ መግቢያ ጀምሮ አለቱ ጠረጴዛ መስሎ ተኝቶ ይመጣል፤ ልክ እትዬ አስካለ አጥር ጋ ሲደርስ ዘጭ! ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። ስንጥቅ! ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ለመማሪያ የሚሆን ስንጥቅ። ስድስት ዓመት ሙሉ ግማሽ የተደበቀ፣ የተድበሰበሰ ስንጥቅ ስስል ኖሬ፣ ዓይኔ ሥር፣ ቀራንዮ፣ ከአማቼ ጎረቤት አገኘሁት። አለቃዬ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና «ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው። የመስሚያዎቹን ቦታ ደግመህ ለካው» አለኝ። ቅናት መስሎኝ ተውኩት።

በስንጥቁ መሠረት አለቱ የጋሽ ሸምሱ ጓሮ ውስጥ በአስራ ዘጠኝ ክንድ ይገኛል። አስራ ዘጠኝ! ሰሚራ የነገረችኝ አስራ ሁለት ነው።

እዚህ ላይ ለእናንተ ብቻ የምነግራችሁ ነገር አለ። ስንጥቅ አጠገብ ምዝገባው ብዥ ስለሚል የአለቱን መስመር ትንሽ ከፍ ዝቅ ብታደርጉት የሚከሳችሁ የለም። ማውሱን ያዝኩና መስመሩን ወደ ላይ ጎተትኩት። አስራ አምስት። አስራ ሦስት። አስራ ሁለት። እዚያ ላይ አቁሜ አየሁት፤ ረጅም ጊዜ ነው ያየሁት። ሰሚራን አየሁ፣ ሠርጉን አየሁ፣ ሴራሚክ ነጋዴውን መኪናው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አየሁት። ነገር ግን ስንጥቁ ተበላሸ። ያ ዘጭ ያለው ነገር ጠፍቶ ተራ ጎርባጣ ሆነ። አላስቻለኝም። መልሼ አስራ ዘጠኝ ላይ አስቀመጥኩትና በትልቅ ወረቀት፣ በስድስት ቀለም አሳተምኩት። ላስቲክም አስለበጥኩት።

ለሁለተኛው ሽምግልና እኔም ከካርታዬ ጋር ተጠራሁ። ጋሽ ሸምሱ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኑረው በትልቅ ጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼ አረንጓዴው ምንድነው?»

«አፈር ነው፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«አፈር አረንጓዴ ነው?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ክንድ አልክ?»

«አስራ ዘጠኝ።»

ከጓዳ በኩል ብርጭቆ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሰሚራ ናት። ጋሽ ሸምሱ ግን ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። «አስራ ዘጠኝ» ብለው ደገሙት። «በል፣ እሑድ ገመድ ትስብልኛለህ።»

እሑድ መቆፈር ተጀመረ። ጋሽ ሸምሱ በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው ወረዱ። እኔ አፈሩን በባልዲ እስባለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ በየክንዱ ቋጠሮ የታሰረበትን ገመድ እያዩ ይቆጥራሉ። በሦስተኛው ክንድ መዳፌ ተላጠ። በአምስተኛው ወገቤ የእኔ መሆኑን ካደ። «ገና አስራ አንድ ክንድ ይቀረዋል» ብዬ በልቤ ስሌት ስሠራ፣ ስምንተኛው ቋጠሮ ላይ ከታች «ቋ!» የሚል ድምፅ መጣ።

አጎቴ ካርታዬን አዩ። እኔ ሰማዩን አየሁ።

«ብቻውን የተቀበረ ድንጋይ ይሆናል!» ብዬ ወደ ታች ጮኽኩ።

ጋሽ ሸምሱ በስተቀኝ መቱ፤ ቋ። በስተግራ መቱ፤ ቋ። ከጉድጓዱ ውስጥ ረጋ ያለ ድምፅ ወጣ። «ብቻውን አይደለም፤ ቤተሰቡም አብሮት አለ።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አጎቴ ኮፍያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ አላህ ያለው ነው» ብለው ብድግ አሉ፤ ይህ በእኛ ቋንቋ አለቀልህ ማለት ነው። እኔ ባዶ ባልዲ ይዤ ቀረሁ። ሰሚራ ከጓሮ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀልዱ ሁሉ ያን ጊዜ ከላዬ ላይ ወረደ። ቁጥሩን እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር እኮ! በአንድ ስዕል ለወጥኳት። መሬት ብትከፈት ዘልዬ ልገባ ፈልጌ፣ ለካ ተከፍታለች፤ ግን ጋሽ ሸምሱ አሉባት።

በዚህ ሰዓት ነው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እያጣፉ በጓሮ በር ተንደርድረው የገቡት።

«አንተ ነህ ቤቴ ሥር ስንጥቅ አለ ያልከው? መንደሩ ሁሉ አወራው! ተከራዬ ዕቃውን እያሰረ ነው!»

የሰመጠ ሰው የሚይዘውን አይመርጥም። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ መሣሪያው ነው። ከእርስዎ አጥር ጀምሮ አለቱ ዝቅ ይላል!»

«ምን ዝቅ ይላል! ከአጥሬ ጀምሮ ሦስት ሦስት እርምጃ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ እንጂ አለቱ ምን አደረገ!»

ካሉ በኋላ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከጉድጓዱ ውስጥ የነበረው የዶማ ድምፅም ቆመ።

«ምኑን ነው ያሳለፉት?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ችካልህን ነዋ» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ። «ወረዳ መስለኸኝ ነው። ሊያፈርሱ መጡ ብዬ ነው። ያ ቀይህ ከኩሽናዬ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ አየሁት። ኩሽናዋ ትንሽ ወደ መንገዱ ወጣ ብላለች፣ አልክድም። አንዱን ብቻ ብነቅል ታውቅብኛለህ ብዬ፣ እናንተ ምሳ ላይ ሳላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን በሙሉ እስከዚህ ጓሮ ድረስ እኩል እኩል ወደፊት አሳለፍኳቸው። በእርምጃ ለክቼ ነው፤ አንዲት ጣት አላዛባሁም።»

«በመሃል የቀረው ክፍተትስ?»

«በርበሬ አሰጣሁበት።»

ገባችሁ? ንዝረቱ ወደ እያንዳንዱ መስሚያ ሦስት እርምጃ ትርፍ ተጉዟል፤ ዘግይቶ ደረሰ። እኔ ደግሞ የዘገየው ጥልቅ ወርዶ ነው ብዬ አለቱን ወደ ታች ሰደድኩት። ያ ለመማሪያ የሚሆን ስንጥቄ የእትዬ አስካለ እግር ነው። መስሪያ ቤታችን ውስጥ እንደ እሳቸው አንዲት ጣት ሳያዛባ የሚለካ ሰው የለም፤ እኔን ጨምሮ።

የቀድሞዎቹ የችካል ቀዳዳዎች ገና አልተደፈኑም ነበር። እትዬ አስካለ ራሳቸው እየመሩ አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ እኔም ላፕቶፔን ጀሪካን ላይ አስቀምጬ ቦታውን አስተካክዬ ደግሜ አሰላሁት። ስንጥቁ ጠፋ። አለቱ ተዘርግቶ መጣና ጓሮው ውስጥ ቆመ። «ስምንት ክንድ!» ብዬ ጮኽኩ። «ስምንት ክንድ ነው!»

ማንም አላጨበጨበም። አለቱን ሁሉም ሰው ቁልቁል እያየው ነው።

ጋሽ ሸምሱ በገመዱ ወጡ። ጭቃቸውን ጠርገው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቆመው የነበሩትን ሽማግሌዎች «ቁጭ በሉ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቤቱን የሠራሁ ጊዜ እዚሁ አጠገብ ጉድጓድ ነበረኝ፤ ቧንቧ ሲገባ ደፈንኩት። አለቱ በስምንት ክንድ እንዳለ ድሮውንም አውቃለሁ። ለእናቷ ግን፣ ሰሚራ እየሰማች፣ አስራ ሁለት ብዬ ነገርኳት።»

«አባዬ!» አለች ሰሚራ።

«እንደምትነግሪው አውቃለሁ፤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።» እንደገና እኔን አዩኝ። «አስራ ሁለት ብለህ ብትመጣ ኖሮ መሬቱን ሳይሆን ልጄን ጠይቀህ መጣህ ማለት ነበር። አንተ አስራ ዘጠኝ ብለህ ፊቴ ቆምክ። የማይረባ ቁጥር ነው፤ ግን የራስህ ነው። ልጄን ሊያሳጣህ እንደሚችል እያወቅህ ያየኸውን ተናገርክ። ሐቀኛ ሰው ነህ።»

ማውሷ ትዝ አለችኝ። አስራ ሁለት ላይ አቁሜ ያየሁት ጊዜ ትዝ አለኝ። ሐቅ ሳይሆን ያ ውብ ስዕል እንደመለሰኝ ትዝ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌዎቹ ትሕትና መሰላቸውና «ማሻአላህ» አሉ።

ሠርጋችን ከረመዳን በፊት ሆነ። እትዬ አስካለ በርበሬውን እሳቸው አስፈጭተው ሰጡ፤ ያቺኑ በርበሬ። ድንኳኑ መንደሩ መሃል፣ በእሳቸው አጥር ጥግ ተተከለ። ካስማዎቹ ላይ ምንም ቀይ ነገር እንዳይታሰር እኔ ራሴ ቆሜ ተቆጣጠርኩ። ሙሽራዬን ይዤ ስገባ ግን ድንኳኑ በአንድ ወገን ዘሟል። እትዬ አስካለ ከኩሽናቸው በር ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ፤ ሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ ተጣምሯል።

ጋሽ ሸምሱ አዲሱን ኮታቸውን እንደለበሱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «በል አንተ ባለሙያ» አሉኝ፣ የዘመመውን እያሳዩኝ። «እትዬ አስካለ ካስማውን ስንት እርምጃ አሳልፈውት ነው?»

ሜትር አልያዝኩም። ሰሚራ በእቅፍ አበባዋ ሥር ሦስት ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ። መሬቱን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።

«ሦስት» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።